ድንጉጥ እንጂ በሽተኛ የለም

አባቴን አታውቁትም እንጂ ዋሽቶ አያውቅም። ልቤ በሆነ ባልሆነው ድው ድው እያለ ሲያስቸግረኝ ቡታጅራ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ። ሐኪሟ፣ «ጭንቀት በዘርም ይመጣል። ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?» ስትል ቱግ አለ። «ወላሂ የለም! እናቴ ሰው ፈርታ ገበያ አትወጣም ነበር፤ ወንድሜ መኪና አይሳፈርም፤ እኔም በር ሲንኳኳ ላብ ያጠምቀኛል። በእኛ ቤት ድንጉጥ እንጂ በሽተኛ የለም!»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያኔ የተናገረው ለራሱም ገባው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። «በዘር ቢመጣም ሁሉን አይይዝም» ብላ ልታጽናናን ሞከረች። እኔ ግን አልሰማኋትም። ጠዋት ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ የሦስት ዓመት ልጄ ደረቷን ይዛ ስትንቀጠቀጥ፣ «አይ የኔ ድንጉጥ!» ብዬ ስቄባት ነበር የወጣሁት።