የኦቦ ሆርዶፋ ሲዲዎችና የኤቢሳ ፈቃድ

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦቦ ሆርዶፋ ጀቤሳ ትልቅ የጉዞ ቦርሳ በእግሮቻቸው መካከል አቁመው በአምቦ መናኸሪያ የአዲስ አበባው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። እዚያው ወረፋው ላይ ዶርቃስን አገኟት። ዶርቃስ የጎረቤታቸው የአደ ሲንቄ ልጅ ናት። ሕግ ተምራ በዩኒቨርሲቲው ታስተምራለች። የዚያን ዕለት ለጉዳይ ወደ ጊንጪ ትሄድ ነበር።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ሆርዶፋ? በማለዳ ወዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ሸገር ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው።"

ቦርሳውን ልታግዛቸው አንድ ጫፉን ስታነሣው ውስጡ ተንኳኳ። "ምን ይዘው ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ሲዲ ነው። ስልሳ አራት ጌም። ሸጬ ልገላገለው።"

ዶርቃስ ቦርሳውን መልሳ አስቀመጠችው። የኦቦ ሆርዶፋን ሲዲዎች የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ሰውዬው ቀድሞ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ግን ከስታዲየሙ በታች ባለችው ቤታቸው ጌም ቤት ከፈቱ። ሲዲዎቹን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሁሉ እያስመጡ፣ አንድ በአንድ ነበር ያጠራቀሟቸው። በየሽፋኑ ጀርባ ስማቸውን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ሲዲ ከቤት እንዲወጣ ፈጽሞ አይፈቅዱም፤ የገዛ እህታቸው ልጅ አንድ ሌሊት ልደርበት ብሎ ለምኖ አልሰጡትም። እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ስምንት ዓመት ያህል የሰፈሩ ብቸኛ ጌም ቤት ሆነው ኖሩ።

በ2015 ዓ.ም. ኤቢሳ የሚባል ወጣት ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ከፈተ። ይህ ኤቢሳ ጆይስቲክ መያዝ የተማረው በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ሲዲ ነው። አሁን ግን ሁለት ነጫጭ አዳዲስ ማጫወቻዎችና ግድግዳ የሚያህሉ ቴሌቪዥኖች አሉት። ሲዲ የሚባል ነገር በቤቱ የለም፤ ጌሙ በኢንተርኔት ይወርድለታል። የዘንድሮው የኳስ ጌም እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ እሱ ዘንድ አርጅቷል።

ኦቦ ሆርዶፋን የያዛቸው ነገር ስሙ ቅናት ነበር፤ እሳቸው ግን የሥራ ጭንቀት ይሉታል። ማዶ የሚገባውን ደንበኛ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ኋላ ላለማየት ወንበራቸውን አዙረው ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጡ። ግን ጎል ሲገባ ከማዶ የሚነሣው ጩኸት ጀርባቸውን ይወጋቸዋል። ኤቢሳ ጠዋት ጠዋት እጅ እየነሣ ሰላም ሲላቸው ያልሰሙ ይመስላሉ። ለሰው ሁሉ "የዚያ ልጅ ቴሌቪዥን ዓይን ያጠፋል" ብለው ያስወራሉ። ሚስታቸው አሰፋሽ አንድ ቀን፣ "ሰውዬ፣ ይህ ልጅ ምን አደረገህ?" ብትላቸው መልስ አጡ። መልስ ስላጡም ሦስት ቀን አኮረፏት። ቅናት ያለበት ሰው ያጣውን ነገር ሲጠይቁት መናገር አይችልም፤ ሌላው ያገኘውን ግን ዘርዝሮ አይጨርስም።

"ሸጠው ምን ሊገዙ ነው?" አለች ዶርቃስ።

"እንደ ኤቢሳ ያለውን ነዋ። ሲዲ ማስገቢያ የሌለውን። ዘመኑ ያ ነው። ሲዲ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አሁን እንደኔ ያለ ሞኝ ብቻ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ቦርሳ ውስጥ ያለው የማን ንብረት ነው?"

"የእኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል?"

"ለማን ሊሸጡት ይችላሉ?"

"ለፈለግሁት።"

"ለልጅዎስ ቢያወርሱት የሚከለክልዎ አለ?"

"ማን አባቱ ይከለክለኛል?"

"መልካም። ኤቢሳ የእሱን ጌም ለማን ይሸጣል?"

ኦቦ ሆርዶፋ አሰቡ። በኢንተርኔት የወረደ ጌም እንዴት በቦርሳ ይዞ መናኸሪያ እንደሚመጣ ለማሰብ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ምናልባት መንገድ ይኖረው ይሆናል" አሉ።

"የለውም፣ ኦቦ ሆርዶፋ። ኤቢሳ የገዛው ጌሙን አይደለም፤ የመጫወት ፈቃድ ነው። ቤት የሠራ ሰውና ቤት የተከራየ ሰው ሁለቱም ጣሪያ ሥር ያድራሉ። አከራዩ ልቀቅ ሲል ነው ልዩነቱ የሚታየው።"

"ተይ እንጂ ዶርቃስ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማውረጃው ላይ 'ግዛ' ነው የሚለው። 'ተከራይ' አይልም።"

ዶርቃስ ስልኳን አወጣችና ጌም ከመግዛቱ በፊት ሁሉም ሰው 'ተስማምቻለሁ' ብሎ የሚያልፈውን ረጅም ውል ከፈተች። እንግሊዝኛውን ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። ጌሙ በፈቃድ እንደሚሰጥ እንጂ እንደማይሸጥ፣ ፈቃዱ ለሌላ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ውሉ ከተጣሰ አካውንቱ ሊዘጋ እንደሚችል ይናገራል።

"ይህን ሁሉ ማን ያነባል?" አሉ ሰውዬው።

"ማንም። እኔ ራሴ ሕግ አስተምራለሁ፤ ግን ስልኬ ላይ ስንቱን ውል ሳላነብ ተስማምቻለሁ ብያለሁ። በወረቀት ቢሆን ግን እርስዎ ውል ሳያስነብቡ ይፈርማሉ?"

"እኔ? የጓሮ አጥር ሳካልል እንኳ ሦስት ሽማግሌ ነው የማስቀምጠው።" ከዚያ ግን በቀላሉ አልተረቱም። "አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ሲዲ ይጫራል። ከእነዚህ መሃል አሥሩን በጥርስ ሳሙና እያሸሁ ነው ያቆየኋቸው። ደግሞ የአሁኑ ሲዲ እኮ የድሮው አይደለም፤ ከተትሽው በኋላ ግማሹን ከኢንተርኔት አውርድ ይልሻል። አንዳንዱ ጌም እንዲያውም በሲዲ አይወጣም። ታዲያ የእኔ ንብረት መሆኑ ለደንበኛዬ ምን ይፈይድለታል? ደንበኛ አዲስ ነገር ነው የሚፈልገው።"

"ያሉት ሁሉ እውነት ነው" አለች ዶርቃስ፣ "አዲሱን አይግዙ አላልኩም። ሲዲ ማስገቢያ ያለው አዲስ ማጫወቻ አለ፤ እሱን ይግዙ። አሮጌውም አዲሱም ይሠራልዎታል። የሚወርደውንም ሲገዙ አካውንቱ በራስዎ ስም ይሁን። ግን ያለዎትን ሸጠው በፈቃድ ብቻ አይኑሩ። ከዓመታት በፊት ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ ሳለ ሳይቋረጥ የሠራው የማን ቤት ነበር?"

"የእኔ" አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ሚኒባሱ ሲሞላ ዶርቃስ ገባች፤ እሳቸው አልገቡም። ባጃጅ ጠርተው ቦርሳቸውን ጭነው ተመለሱ። ምክሩን ተቀብለው ነው እንዳንል፣ በልባቸው ይመላለስ የነበረው ሌላ ነገር ነው። "እንግዲያው ያ ልጅ ተከራይ ነው" ይሉ ነበር፣ "ተከራይ ነው።" እንዲህ እያሉ ደስ እንዳላቸው ቤታቸው ገቡ።

ሰኔ ላይ ኤቢሳ የኳስ ጌም ውድድር አዘጋጀ። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከእጃጂ ሳይቀር ተጫዋቾች ተመዘገቡ። ማስታወቂያው በየመብራት እንጨቱ ተለጠፈ፤ አንዱ ከኦቦ ሆርዶፋ በር ፊት ለፊት ነበረ። ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት ኤቢሳ ማጫወቻዎቹን ሲከፍት በጌሞቹ ሁሉ ላይ የቁልፍ ምልክት አየ። አካውንቱን፣ ጌሞቹ አስቀድመው ተገዝተውበት ሳለ፣ በስልክ ካገኘው አንድ ነጋዴ ነበር የገዛው። ያ ሰው ይህንኑ አካውንት ለስንት ሰው እንደሸጠው አይታወቅም፤ አሁን የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ስልኩን ዘግቷል። ኤቢሳ ለጌሙ ኩባንያ ቢጽፍ፣ አካውንቱ በስምህ አይደለም፣ አካውንት መግዛትም በውሉ የተከለከለ ነው የሚል መልስ መጣለት።

ወሬውን ኢፋ የተባለ አንድ ደንበኛ ለኦቦ ሆርዶፋ አደረሰላቸው። ሰውዬው ፊታቸውን ቢያኮሳትሩም ልባቸው ጨፈረ። ምሳቸውን አጥግበው በሉ። ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና ኤቢሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ደፉ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ዋሉ። ልጁ እርዳታ ሊጠይቃቸው አልተነሣም። አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታውን የነፈገውን ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ?

ዓርብ ከቀትር በኋላ ዶርቃስ መጣች።

"ኦቦ ሆርዶፋ፣ የኤቢሳን ነገር ሰምተዋል። ለነገው የኳስ ጌሙን ሲዲ ቢያውሱት ብዬ ልለምንዎ ነው።"

"እኔ? አንቺው አይደለሽ መናኸሪያ ላይ ያስተማርሽኝ? የእኔ የእኔ ነው፤ የእሱ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ተነጠቀ። ትምህርትሽ ልክ ነበር፤ እኔም ተምሬያለሁ።"

"ግማሹን ነው የተማሩት። ያኔ ሲዲ ከፈቃድ የሚበልጠው በምን ነው ተባባልን?"

"መሸጥ ይቻላል። ማውረስ ይቻላል። ማዋስም..." ብለው ንግግራቸውን ገቱ።

"በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዱን ለማን አውሰዋል?"

ኦቦ ሆርዶፋ ወንበራቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

"ኤቢሳ ጌሙን ለጓደኛው እንዳያውስ የከለከለው ውሉ ነው" አለች ዶርቃስ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "እርስዎን የከለከለዎ ማን ነው? መብት አለኝ እያሉ በመብቱ ካልተጠቀሙ፣ እርስዎም እሱም ያው ናችሁ። እሱን ኩባንያ ቆለፈበት፤ እርስዎ በገዛ እጅዎ ቆለፉት።"

ሰውዬው መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ሲዲዎች አዩ። የእህታቸው ልጅ ትዝ አላቸው፤ ያ ከተከለከለ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። ከዚያ፣ "ዶርቃስ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አሉ፣ "እኔ በዚህ ልጅ ቀንቻለሁ። ከእኔ ቤት ተምሮ በእኔ ላይ ሲከፍት፣ ከመሞቴ በፊት የተካኝ መሰለኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።"

"ሰፈሩ በሙሉ?"

"ወንበርዎን ያዞሩ ዕለት ነው ያወቀው።"

ኦቦ ሆርዶፋ አፈሩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲዲውን ከመደርደሪያው አወጡና በእጃቸው እንደያዙት ቆዩ። "ግን ሲዲው ብቻውን ምን ያደርግለታል? የእሱ ማጫወቻ ማስገቢያ የለውም። ከነማጫወቻዬ ልውሰድለት ካልሆነ።" ይህን ሲሉ የራሳቸው ቤት ቅዳሜ ዝግ እንደሚውል ገባቸው። ትንሽ አንገራገሩ። ከዚያ ገመዶቹን መንቀል ጀመሩ።

መንገዱን ሲሻገሩ ኤቢሳ ከደፉ ላይ ተነሣ። "ሊስቁብኝ ነው የመጡት፣ ኦቦ ሆርዶፋ?" አለ።

"ስቄብሃለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስቄብሃለሁ። አሁን ግን ይህን ተቀበለኝ፣ ከባድ ነው። ደግሞም ሰላም ስትለኝ እሰማህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

ኤቢሳ ማጫወቻውን ተቀብሎ ወደ ቤት አስገባ፤ ጎንበስ ብሎም ገመዱን ሲያያይዝ ቆየ፣ ቀና ማለት ስላልፈለገ።

ውድድሩ በሰዓቱ ተጀመረ። ጌሙ ከአራት ዓመት በፊት የወጣ በመሆኑ ጫማ የሰቀለ አጥቂ ጎል ሲያገባ የእጃጂው ልጅ "ይህ ሰው ጡረታ ወጥቷል እኮ" ብሎ ተከራከረ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቢሆንም ሁሉም ተጫወተ፣ ከመጡት እንግዶች ሳይጫወት የተመለሰ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ኤቢሳ ያን አካውንት መልሶ አላገኘውም። የጠፋው ጠፋ። ሌላ አካውንት ግን በራሱ ስምና በራሱ ስልክ ቁጥር አወጣ። ኦቦ ሆርዶፋ ሲዲ ማስገቢያ ያለውን አዲሱን ማጫወቻ ገዙ። ዶርቃስ ደግሞ የውሉን ዋና ዋና ነገር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ጻፈች፤ ወረቀቱ በሁለቱም ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጌም የሚገዛ ሰው አሁን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ በማን ስም ነው? ማዋስ እችላለሁ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? የኦቦ ሆርዶፋ ሲዲዎችም በውሰት በባጃጅ ጉደር፣ በሚኒባስ እጃጂ ይሄዳሉ፤ የሌላው ሲዲ ደግሞ ወደ እሳቸው ይመጣል። ስልሳ አራት ጌም የነበራቸው ሰው ዛሬ ከመቶ በላይ ያጫውታሉ። ንብረትን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የራሱ የሆነውን ከራሱ ካልሆነው ለይቶ ያወቀ ሰው በአንዱ አይታለልም፣ በሌላው አይሰስትም።

ቅናታቸው ፈጽሞ ለቀቃቸው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ጥር በሲዲ ያልወጣ አንድ ጌም ኤቢሳ ዘንድ ወረደ። ከማዶ የጩኸቱ ድምፅ ሲሰማ ኦቦ ሆርዶፋን ያ የድሮው ነገር ጎናቸውን ወጋ አደረጋቸው። እንደ መቀመጥ አሉና ተነሡ፣ ቤቱን ለአሰፋሽ አደራ ብለው መንገዱን ተሻገሩ። ኤቢሳ አጠገብ ወንበር ስበው፣ "እስቲ ጆይስቲኩን ስጠኝ፣ እኔም ልየው" አሉ። የዚያን ቀን አምስት ለባዶ ተሸነፉ።