ፍረወይኒና የቀበሌው ድምፅ ማጉያ

በ1979 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ አቶ ወልደሩፋኤል ሜክሲኮ አደባባይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ፍረወይኒ አብርሃ ከዚያው አውቶቡስ ስትወርድ አዩና ፊታቸው በራ። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ናት። ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና በማዕረግ ከተመረቀች ገና ሁለት ወሯ ነው። እሳቸው ደግሞ በቴሌኮሙኒኬሽን ሠላሳ ዓመት የሠሩ የሬድዮ ኦፕሬተር ናቸውና፣ ልጅቱ ወደ መሥሪያ ቤታቸው እንድትመደብ አለቃቸውን ደጅ ጠንተው በስሟ ጠይቄ አስመድባታለሁ የሚል ቃል ተቀብለዋል። ይህን የምሥራች ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ቀደመቻቸው።

እርስዎን ፍለጋ ቤት ልመጣ ነበር ብላ ከቦርሳዋ አንድ ደብዳቤ አወጣች። ፋኩልቲው በጀማሪ ረዳት መምህርነት ሊያስቀራት ወስኗል። እያስተማረች ስለ ሽቦ አልባ ግንኙነት ታጠናለች፣ ትመራመራለች። ግን እስከ መጪው ዓርብ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ ቀርቦ ካልፈረመላት ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናቷ ወይዘሮ ለተሃይማኖት የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉም። ከአቶ ወልደሩፋኤል ሌላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።

አቶ ወልደሩፋኤል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስንት ቀን አለቃቸው በር ላይ የቆሙበት ልፋት ትዝ አላቸውና ቅር አላቸው። ደብዳቤውን አጥፈው መለሱላትና ወደ ልደታ አብረው መራመድ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ምርምር ሥራ አይደለም» አሉ ጥቂት ከሄዱ በኋላ። «ሬድዮን ፈረንጅ ሠርቶ ጨርሶታል። ለእኛ የቀረን ማዞሪያውን ማዞርና ሲበላሽ መጠገን ነው። አንቺ ምን ልትጨምሪበት ነው?»

«ያልጨረሱት አለ፣ ጋሼ። እነሱ የለኩት የአገራቸውን ሜዳ ነው። ሞገዱ በእኛ ተራሮች መካከል ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማን ለካው?»

«ለክተሽስ? ወረቀት ላይ ትጽፊዋለሽ። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አቧራ ይጠጣል። እኔ ጋ ብትመጪ ግን በዓመትሽ መሐንዲስ ተብለሽ መኪና ይመደብልሻል።»

እውነቱን እንናገር ካልን አቶ ወልደሩፋኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅቱን እንደ ልጃቸው ይወዷታል። ዳሩ ግን ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ ትናንት የተመረቀች ልጅ የማታውቀው ነገር አለ ስትለው ጆሮው አይወድም። እሷም ይህን ስለምታውቅ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ነገር ግን ሐሳቧን ሳትለውጥ፣ ከጎናቸው ትራመዳለች።

ሰፈር ሲደርሱ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። ኧረ ድምፅስ አይባልም! ምድር ይንቀጠቀጣል፣ ውሻ ይጮኻል፣ የሚባለውን ግን አንድም ሰው አይለይም። ይህ ማጉያ የአቶ ወልደሩፋኤል የእጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ በቀበሌው ጣሪያ ላይ አንድ ሰቀሉ። ሰው አልሰማንም ሲል ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ምሰሶ ላይ ሁለተኛ ጨመሩ። አሁንም አልሰማንም ሲባል ሦስተኛውን በረጅሙ የመጋዘን ግንብ ትይዩ ሰቀሉና የሦስቱንም ድምፅ እስከ ጥጉ ከፈቱት። አልሰማንም ባሏቸው ቁጥር መድኃኒታቸው ያው መጨመር ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረሱ ከቀበሌው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ፊታቸው ጭፍግግ ብሏል። ባለፈው ወር ለኩፍኝ ክትባት ስንት ጊዜ በማጉያ ተለፍፎ የመጡት እናቶች አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። የጤና ሠራተኞቹ መድኃኒታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አራት ሕፃናት በኩፍኝ ታመዋል። በሚመጣው ሐሙስ ክትባቱ እንደገና ይሰጣል። ስለዚህ አራተኛ ማጉያ ይሰቀል ብለው ለመኗቸው።

አቶ ወልደሩፋኤል እሺ ከማለታቸው በፊት ፍረወይኒ ጣልቃ ገባች።

«ጋሼ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝና፣ አራተኛ አይጨምሩ። እንዲያውም ሁለቱን ይዝጓቸውና የቀረውን ድምፁን ይቀንሱት።»

ጓድ ገረሱ ሳቁ። አቶ ወልደሩፋኤል ግን ቱግ አሉ። ሰው አልሰማሁም ሲል ዝቅ አድርገህ ንገረው የሚል ትምህርት ከየት መጣ ብለው ጠየቋት። እሷ በትሕትና መልሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ ብቻ ስጡኝ አለች። ያን ጊዜ አቶ ወልደሩፋኤል በጓድ ገረሱ ፊት ውል አሠሩ።

«ቅዳሜ ያልሽው ካልሆነ ሰኞ አለቃዬ ቢሮ አብረን እንገባለን። ከሆነ ዓርብ መጥቼ እፈርምልሻለሁ። ይሁን?»

ፍረወይኒ «ይሁን» አለች። ሕልሟን በሙሉ በአንድ የቀበሌ ማጉያ ላይ ማስያዟን የተረዳችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ፍረወይኒ አምስት ሰዎች መረጠችና ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ በአምስት ቦታ አቆመቻቸው። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ጠጅቱ መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በራቸው ላይ ቆሙ። ልብስ ሰፊው በከር ወደ አብነት መሄጃ ካለው ሱቁ ደጅ፣ ሌሎቹም በሰፈሩ ጥጋጥግ ቆሙ። አቶ ወልደሩፋኤል በማይክራፎኑ አሥር የከተማ ስሞች እንዲያነቡ፣ አድማጮቹም የለዩትን ብቻ እንዲጽፉ ተነገራቸው። ጎሬ፣ ወልድያ፣ ነጌሌ፣ ደብረ ታቦር እያሉ በሚያምር የኦፕሬተር ድምፃቸው አነበቡ። ማጉያዎቹ ሦስቱም እስከ ጥጋቸው ተከፍተዋል።

ወረቀቶቹ መጡ። ወይዘሮ ጠጅቱ ሦስት ለይተዋል፣ በከር አራት። ከአምስቱ አንዳቸውም ከአራት አላለፉም። አቶ ወልደሩፋኤል ደነገጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያገለግሉት የኖሩት ሕዝብ ከአሥር ቃል ስድስቱን ሳይሰማ መኖሩን በዓይናቸው አዩት። ፍረወይኒ ግን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋችና ከበከር የጎደለውን ከጠጅቱ፣ ከጠጅቱ የጎደለውን ከሌላው እያነሳች በስድስተኛ ወረቀት ላይ ጻፈች። አሥሩም ከተሞች ተገኙ።

«አዩ ጋሼ፣ የጠፋ ቃል የለም» አለች። ጉንጮቿ በደስታ ቀልተዋል። «ሁሉም ቦታ ተበታትኖ አለ። የሩቁ ማጉያ ድምፅ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣና በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል። የመጋዘኑ ግንብ ደግሞ ሌላ ይመልሳል። ሦስት ሰው አንድ ደብዳቤ እኩል ሳይጀምር ጮክ ብሎ እንደሚያነብልዎ ይቁጠሩት። ጩኸቱን ሲጨምሩ ግርግሩም አብሮ ይጨምራል።»

ከዚያ ሁለቱን ማጉያዎች አስዘጋች። በጣሪያ ላይ ያለውን ፊቱን ከግንቡ አዙራ ወደ ቤቶቹ አስደረገች። ድምፁንም በእጇ እስከ ግማሽ ዝቅ አደረገችው። አቶ ወልደሩፋኤል ሌላ አሥር ከተማ ሲያነቡ ድምፃቸው በጣም አነሰባቸውና ሰው አይሰማኝም ብለው ላብ አጠመቃቸው። እንዲያው ለአመሉ ልጨርሰው ብለው ጨረሱ።

በከር እየሮጠ ቀድሞ ደረሰ፤ ዘጠኝ ጽፏል። ወይዘሮ ጠጅቱ አሥሩንም ጽፈው፣ ደስ ብሏቸው ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ከአምስቱ ዝቅተኛው ስምንት ነው። ጓድ ገረሱ ወረቀቶቹን ደጋግመው አገላበጡ።

አቶ ወልደሩፋኤል ግን በአንድ ነገር ገና አልተሸነፉም። ይህ ድምፅ ነው፣ ሬድዮ ሌላ ነው ብለው ተከራከሩ። ፍረወይኒ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከጎሬ ጣቢያ ጋር ሲነጋገሩ ድምፁ እየመጣ ሲጠፋብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። በመጀመሪያው ያመለጠኝን በሁለተኛው እይዛለሁ፣ ከሦስቱ አንድ ሙሉ መልእክት አወጣለሁ።»

«የሬድዮ ሞገድም እኮ በብዙ መንገድ መጥቶ እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ድምፁ እየመጣ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት በእርሳስ የሠሩትን ነው የማጠናው። ሦስቱን ቅጂ ሰምቶ አንድ የጠራ መልእክት የሚያወጣ መሣሪያ እንዲሠራ ሒሳቡን መጻፍ ነው የምፈልገው። ይህ ትምህርት ሲግናል፣ ማለትም መልእክት የያዘውን ሞገድ፣ ማጣራት ይባላል። እርስዎ ያለ ስሙ ሠርተውታል።»

 በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአቶ ወልደሩፋኤልን ሥራ ከትምህርት የቆጠረላቸው ሰው አልነበረም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ደስታ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር።

«ታዲያ ይህን እኔ ጋ መጥተሽ ለምን አትሠሪውም?»

«እርስዎ ጋ የዛሬው ብልሽት የዛሬውን ቀን ይበላዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ለምን ይበላሻል ብሎ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ እርስዎ ጋ ብመጣ አንድ መሐንዲስ ያገኛሉ። ባስተምር ግን በየዓመቱ ሠላሳ እልክልዎታለሁ።»

አቶ ወልደሩፋኤል ይህን ሲሰሙ ሠላሳ ወጣቶች በመሥሪያ ቤታቸው ደረጃ ሲወጡ የታያቸው ይመስል ሳቁ። ሰው እንዲህ በአንድ ጠዋት ሐሳቡን መለወጡ አያሳፍረውም። የሚያሳፍረውስ ሥራው በወረቀት ላይ ተመዝኖ ሲታይ ወረቀቱን መቅደድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ወልደሩፋኤል ራሳቸው ማስታወቂያውን በዝግታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የቀበሌው ግቢ ሞላ። ነጠላ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁለት የያዘች እናት ሁሉ ወጥታ ተሰለፈች። ሁለት መቶ አርባ ሕፃናት ተከተቡና መድኃኒቱ አለቀ። ጓድ ገረሱ የጎረቤት ቀበሌ ሊቀመንበር መጥተው እንዲያዩ መልእክት ሰደዱ። አንባቢ ሆይ፣ እውቀት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል የሚል ቢያጋጥምህ በዚያ ግቢ የተሰለፉትን ንገረው። አንዲት ልጅ በአምስት እርሳስና በጥቂት ትዕግሥት ያደረገችው ይህ ከሆነ፣ መለኪያና ኮምፒዩተር፣ ጊዜና ተማሪዎች ቢሰጧት በየገጠሩ ሐኪም የሚጠራ ሬድዮ፣ በየተራራው የማይቋረጥ ስልክ እንዲኖር የምታግዝ ናት። አገርም ራሱ ለክቶ፣ ራሱ አስተምሮ መሣሪያውን የሚያውቅ ሲሆን የሰውን ፊት አያይም።

ዓርብ ጠዋት አቶ ወልደሩፋኤል የክት ኮታቸውን ለብሰው ፋኩልቲው ድረስ ሄዱ። ጸሐፊዋ ቅጹን ዘርግታ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ልጅቱ ማስተማሩንና ምርምሩን ትታ ብትሄድ ተጠያቂው እርስዎ መሆንዎን አውቀዋል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ፍረወይኒ ፊታቸውን አየች።

አቶ ወልደሩፋኤል መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስማቸውን በደማቁ ጻፉና ፈረሙ።

«የኔ ልጅ፣ አታስቢ» አሏት ጸሐፊዋን፣ እስክርቢቶውን እየመለሱ። «ይህችን ከዚህ ሥራ የሚያስወጣት የለም። እኔ ራሴ ሞክሬ አቅቶኛል።»