ለጠራው ሁሉ የሚበራ ማሞቂያ

ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ከመስኮቱ ራቅ በይ፣ ነፋሱ ጀርባሽን ይመታሻል። እግርሽንም ወንበሩ ላይ ዘርጊው። አበጠ እንዴ? አይዞሽ፣ ምን ቀረሽ። እኔም የመጀመሪያዋን ሳረግዝ ጫማ አልገባ ብሎኝ በነጠላ ጫማ ነበር የምውለው። ሻይሽን ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ። በሩን ግን ክፍት ተዪው... አየር ይግባ። ያንቺው ሰውዬ ማዶ የሕፃኑን ክፍል ሲሰረስር ነው የዋለው አይደል? ጎበዝ። ሥራ የሚወድ ባል መታደል ነው።

ምን ነበር የምልሽ... አዎ፣ ስለ ጫጩቶቼ። ደንበኞቼ ዛሬም "መቼ ነው የሚደርሱት?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ማስፈልፈያዬን ያዘመነልኝ አንድ የማውቀው ሰው ነው። ስሙን ተዪው፤ ውለታው ሲነሳበት ያፍራል። መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አምጥቶ ከማሞቂያው ጋር አገናኛት፤ ሊኑክስ በሚሉት ሶፍትዌር ነው የምትሠራው። ድረ ገጽም ሠራላት። ሊንኩ ሲከፈት ማሞቂያው ይበራል፣ በቃ። የይለፍ ቃል የለ፣ "ማን ነሽ?" የለ፣ "ስንት ዲግሪ ደረሰ?" የለ። ሲሞቅ በራሱ የሚያጠፋውን የድሮውን መቆጣጠሪያ ደግሞ ኋላቀር ነው ብሎ ነቅሎ ጣለልኝ። እንዲህ ሰውን የሚያምን ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ለጋስም ነው። ሊንኩን ለጓደኞቹ ግሩፕ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ፣ ለአብሮ አደጎቹ ግሩፕ "እዩልኝ" እያለ ላከው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ... እሱ ምን ይዞ ያውቃል? ሁሉን ይለቃል። ሞኝ ነው የሚሉት እንግዲህ ይዋሹበታል ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ የመልእክት መላኪያዎች፣ ለካ ሊንክ ሲላክባቸው፣ ምን እንዳለበት በትንሹ ለማሳየት ራሳቸው ቀድመው ይከፍቱታል። ሰው ሳይነካው። መክፈት ደግሞ ማብራት ነው... በላከው ቁጥር በራ። የሚያጠፋውም አልነበረም። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስመለስ ክፍሉ ይፋጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚሉት? የኔዎቹ እግር ሊያወጡ ሲሉ ተቀቀሉ። ጠዋት እኮ በቅርፊቱ ውስጥ ሲንጫጩ ሰምቻቸው ወጥቻለሁ። አልደብቅሽም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን ልበ ሙሉ ነው፣ ምንም አልደነገጠም። "ሲስተሙ ሠርቷል እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሠርቷል።

የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠርቼ አሳየሁት። ድረ ገጿ ማሞቂያውን ራሷ መንካት የለባትም፣ መጠየቅ ብቻ ነው የሚገባት አለኝ። የሚነካው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይሁን፤ እሱም ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ የማያውቅ፣ ሙቀቱ ካለፈ እምቢ የሚል፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው መለኪያ ድምፁ ከጠፋ በራሱ የሚያጠፋ። ሊንክ መክፈት ማየት ብቻ ይሁን፤ ማብራት የሚችለው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ገብቶ ቁልፉን የተጫነ ሰው ነው። የድሮው መቆጣጠሪያም ቦታው ይመለስ። ይህንኑ ለዚያ ሰው ብነግረው "የፈሪ አሠራር ነው" ብሎ ሳቀ። ጀግና ነዋ። በሰው እንቁላል እንዲህ የሚደፍር ስንት አለ? ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል... እሱ ከሁለቱም የለበትም።

ምነው ወደዚያ ክፍል ታያለሽ? እኔ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራሽ። ይልቅ መሰርሰሪያው ምነው ዝም አለ... ደክሞት ነው መሰል። የሕፃኑ ክፍል ማሞቂያም በስልክ ነው የሚበራው አልሽኝ? በሊንክ? ጎሽ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይም አይቻለሁ፤ "እንዳለቀ ሊንኩን እልክላችኋለሁ" ይላል። አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ ሁሉ በያለበት ሆኖ ሊያሞቀው ነዋ። ሳይወለድ እንዲህ የተወደደ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ እህቴ። እንቁላል ይተካል። እዚያ ክፍል የምታስተኚው ግን... ተዪው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። በሰው ትዳር ምን አገባኝ?

በይ ልሂድ፣ አትነሺ። በሰላም ገላግሎ ያሳየን። ልጁ ቁመናውን ከአባቱ ይውሰድ፣ ፀጉሩንም፣ ያንን ምንም የማይበግረው ሳቁንም። አባቱንም ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን... ልጁ አድጎ ከራሱ እስኪጠብቀው ድረስ።