ስርዝ ድልዝ የፈራችው አራባ

በአጥማጆቹ ልማድ ማክሰኞ ጀልባ ወደ ባሕር አይወጣም። መምህር አሚሳ በምሳ ሰዓት ከአጥማጆቹ ሰፈር ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል ገዝተው ሲመለሱ ከወጣቷ መምህርት ከማንሳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ኪሳቸው ውስጥ ክፍል የሚደግሙ ተማሪዎች ስም ዝርዝር አለ፤ ከሰዓት ሊፈርሙበት ነው። አንዷ በድርሰት የወደቀችው አራባ ናት። አባቷ ደግሞ «ከደገመች ዓሣ ታጭሳለች እንጂ ትምህርት ቤት አትረግጥም» ብሎ ምሏል።

«ጋሼ፣ እግዜር ነው ያገናኘን! ሳይፈርሙ የአራባን ድርሰት ይዩልኝ።»

«የቱን ድርሰት? ሁለት መስመር ጽፋ ቁጭ የምትለዋን ልጅ ነው?»

«በኮምፒውተር የጻፈችውን ነዋ።»

መምህር አሚሳ ከት ብለው ሳቁ። «አይ የዘንድሮ አስተማሪ! እንግዲያው ፈተናውንም ማሽኑ ይቀመጥላችሁ! ስሚ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ስርዝ ድልዝ ካየሁ ማርክ እቀንሳለሁ። ልጅ የሚጠነቀቀው እንደዚያ ነው።»

«ማሽኑ እኮ የነኩትን ፊደል ከማስቀመጥ በቀር አያርም፣ አይጨምርም።»

«ካላየሁ አላምንም።»

«ታዲያ ምን ቸገረን? ይምጡና ይዩ!»

ሰውዬው ግትር ናቸው፤ ፍርድ ግን አያጓድሉም። ሄዱ።

አራባ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። «አባትሽ ዛሬ ምን እየሠራ ነው? ጻፊ» አሏት።

«አባቴ መረብ ይጠግናል» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። እንደገና ጀመረች፣ አንዱን ቃል ወደ ፊት አመጣች፣ ሌላውን ጣለች። በመጨረሻ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «አባቴ ባሕሩ የቀደደውን መረብ ሲጠግን ይሳደባል። ራሱ ቸኩሎ የቀደደውን ሲያገኝ ግን ዝም ይላል።»

«ወይ ጉድ! ይህን የመሰለ ነገር በሆድሽ ይዘሽ ለኔ ለምን ሁለት መስመር?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ስሰርዝ ማርክ ይቀንሱብኛል። ስለዚህ የማልሳሳተውን ብቻ ነው የምጽፈው። እሱ ደግሞ ሁለት መስመር ነው።»

በንጹሕ ደብተር ሲኩራሩ የኖሩት ሰው እጅግ አፈሩ።

«አየሽ ማንሳ፣ ጥንቃቄ ያስተማርኩ መስሎኝ ፍርሃት ሳስተምር ኖሬያለሁ።»

«ብዕሩ ይቅር አላልኩም፣ ጋሼ። እዚህ ማሽኑ ላይ ልጆቹ ሳይፈሩ ይሳሳቱ፣ ያጥፉ፣ ያስተካክሉ። መጻፍ ማለት መልሶ ማየት መሆኑን ካወቁ በብዕርም ይደፍራሉ።»

«ከነገ ጀምሮ በወረቀትም ቢሆን የሰረዘ አይቀጣም» አሉና የአራባን ስም ከዝርዝሩ አወጡ። «በይ ተነሺ፣ አልፈሻል!»

«ትንሽ ይጠብቁኝ ጋሼ» አለች አራባ፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። «መጨረሻው ገና አላማረኝም።»

መምህር አሚሳ ወንበር ስበው ተቀመጡ።