«እናንተ» የተባሉት መምህርት

መምህርት የትምወርቅ ወላይታ ውስጥ፣ ጉኑኖ ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመሩ ሰባት ዓመታቸው ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልደው ያደጉ፣ በሰዋስው ቀልድ የማያውቁ፣ ሰው ግን የማይጠሉ ሴት ናቸው። ጆሯቸው ብቻ ቁጡ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ያበቃቸውም እሱው ነው።

አንድ ሐሙስ ወደ ሶዶ ሊሄዱ ሚኒባስ ሲጠብቁ ዝናብ ወረደና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለሉ። እዚያ ዱባለን አገኙት፤ የአገሩ ተወላጅ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ትንንሾቹን በወላይትኛ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። በአክብሮት ቦታ ለቀቀላቸውና የሚርያምን ነገር አነሳ።

ሚርያም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሳምንት በፊት የቤት ሥራዋን ለምን እንዳልሠራች ስትጠየቅ ተነሥታ፣ «እናንተ የምትናገሩት አማርኛ ይከብደናል» አለች። መምህርቷ፣ አባትሽን ሳታመጪ ክፍሌን እንዳትረግጪ ብለው አስወጧት፤ ልጅቷም በዚያው ቀረች። የፈተናው ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ካለፋት አባቷ ትምህርቱን አስትተው ገበያ ሊያውሏት ቆርጠዋል።

«ብቻዬን ቆሜ ‹እናንተ› ማለት ምንድን ነው?» አሉ የትምወርቅ። «እናንተ መጤዎች ማለቷ አይደል?»

ዘመኑ ሰውን ሁሉ በብሔሩ የሚያስቆጥር ስለነበር ጥርጣሬያቸው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ዱባለም ይህን አልካደም። ግን ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ነው።

«በእኛ ቋንቋ፣ እትዬ፣ እኩያን ‹ኔኒ› እንላለን፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን። ታላቅን ግን ‹ኢንቴ› ነው። ቃሉ እንዳለ ሲመለስ ‹እናንተ› ይሆናል። እሷ እኮ አክብራዎት ነው።»

«አንድን ሰው በብዙ?»

«እርስዎስ ስለ አባትዎ ሲያወሩ ‹መጡ› አይሉም? ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ሆኖም አልተረቱም። አስተማሪ የተማሪውን ቋንቋ ሲማር የት ታይቷል ብለው ተከራከሩ። ዱባለ በትሕትና መለሰ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ በለቃቀሟት ወላይትኛ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም ‹ኔኒ› ሲሉ ኖረዋል። ደጄን አይርገጡ ያለዎት ሰው አለ? እንግዳ ናቸው፣ ይለምዳሉ ነው የሚባለው።»

የትምወርቅ ፊታቸው ጋለ። ቅቤ የሚሸጡላቸው አሮጊት ትዝ አሏቸው፤ አንድም ቀን ሳይቀየሙ ምርቃት ጨምረው ነው የሚሸኟቸው። በጣም አፈሩ። ሚኒባሱ መጥቶ ጡሩምባውን ሲነፋ አልተሳፈሩም፤ ዝናቡ ሳያባራ ዱባለን ይዘው ወደ ሚርያም ቤት ወረዱ።

የኋላውን ላስቀድምና፣ ሚርያም በማግስቱ ተመዘገበች። መምህርቷም ከሰሌዳው አንዱን ጥግ ለወላይትኛ ለቀቁ፤ ተማሪ ሲሳሳት በመጀመሪያ፣ በቤታችሁ ይህ እንዴት ይባላል ብለው መጠየቅ ለመዱ። ሰነፍ ይሏቸው የነበሩ ልጆች እጃቸውን ያወጡ ጀመር። ለካ ዝም ያሰኛቸው ፍርሃት ኖሯል። የሚያስተምረውን ልጅ ቤት የማያውቅ መምህር ግማሽ ትምህርቱን በር ላይ ጥሎ ይገባል።

በዚያን ቀን ግን የሚርያም አባት አቶ ሻንቆ ከእንሰቱ መሐል ወጥተው፣ ክስ የመጣባቸው መስሏቸው ቆሙ። የትምወርቅ በራሰ ነጠላቸው ዝቅ ብለው «ኢንቴ» ብለው ጀመሩ። የቀረውን ይቅርታ ዱባለ አስተረጎመላቸው።

አቶ ሻንቆ በአማርኛ፣ «ሰባት ዓመት ጠበቅናችሁ» አሉ።

መምህርቷ ዞረው ዱባለን አላዩም። የተጠበቁት እርሳቸው ብቻ እንደሆኑ ገብቷቸዋል።