ፍላሽ ድሮ ቀረ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ የኮምፒውተር መምህርና የሥራ ባልደረባው ያወራሉ።

«ዛሬ ተማሪዎችህ የተግባር ፈተና አልነበራቸውም እንዴ?» አለችው።

«እየተፈተኑ ነዋ! ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ፍጠሩ ብያቸው ቨርቹዋል ማሽን እየጫኑ ነው።»

«በዚያች በአንዷ ፍላሽ እየተሻሙ?»

«ፍላሽ ድሮ ቀረ! መጫኛውን በኔትወርክ ሼር አድርጌላቸው፣ ሁሉም ከእኔ ላፕቶፕ እየወሰዱ ነው።»

«ዘመናዊ! ላፕቶፑንስ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ ነኛ! ለሰው አምኜ አልተውም» ብሎ ጉልበቱ ላይ ያለውን ቦርሳ መታ መታ አደረገ።

«ጎበዝ። ታዲያ ዳንግላ ያሉት ከምኑ ይጫኑ? ከጠረጴዛው?»

ቦርሳውን ከፈት አድርጎ ላፕቶፑን አየው። ስልኩ ጠራ።

«አንሳው እንጂ! ፈተናው አዲስ ቅዳም ደርሷል በላቸው።»

እኔ አዲስ ቅዳም ወራጅ ነበርኩ፤ መጨረሻውን ልስማ ብዬ አለፍኩት።