በስክሪንሾት የወጣው ስንጥቅ

ቃል ሰጪ፦ ስማቸው በጥያቄያቸው የተሸፈነ
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ ድረ ገጽ መሥራት
አድራሻ፦ ከስልክ ጥገና ሱቁ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፤ የስልክ ጥገና ሱቁም የእሱ ነው። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ስለሆነ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው።

ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ለማስደንገጥ ብዬ በጃቫስክሪፕት አንድ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ጻፍኩ። ድረ ገጽ ላይ ሲጨመር ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም መስመር የጣለ ያስመስላል፤ ገጹ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊማ ኮምፒውተሩን አቅፎ ወደ ጥገና ሊሮጥ ሲል ነው ይዘን ያስቀረነው። ለጋሼ ሳሳየው እንባው እስኪፈስ ስቆ ስጪኝ አለኝ። ደንበኞቹን ሊያስቅበት መስሎኝ ሰጠሁት።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በስልኬ አንድ ምስል ላከችልኝ። የቻርጅ መሰኪያ ልታሠራ ብትሄድ ጋሼ የሱቁን የስክሪን መመርመሪያ ገጽ ስልኳ ላይ ከፍቶ ስንጥቅ አሳይቷታል፤ ውስጥ ውስጡን አልቆለታል፣ ሳይብስ ይቀየር ብሏታል። እሷም እኔን ማማከሯ ነበር። የላከችው ስክሪንሾት ነው፤ ስልኩ ራሱ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የሚያስቀርበት ምስል። ስክሪንሾት ደግሞ መስታወቱን አያነሳም፤ እውነተኛ ስንጥቅ ቢሆን በምስሉ ላይ ባልታየ ነበር። ያ ስንጥቅ የእኔው ላይብረሪ የሚሥለው ነው።

ወርጄ ስጠይቀው አልካደም። የማንም ስክሪን አንድ ቀን መሰበሩ አይቀር፣ ቀድሜ ብቀይርለት ምን በደልኩ የሚል ነገር ተናገረ። ለልብስ ሰፊዋ ሳስረዳት "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ብላ ስልኳን ይዛ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጣች።

ዛሬ ለምስክርነት ስጠራ ያመጣኝ ጋሼ ራሱ ነው። መኪናው ውስጥ "ገጹ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ በያቸው፤ ቀልድ ነበር ትያለሽ፣ ያልቃል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይምሩሻል" አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር "አይደል እንዴ፣ የኔ እናት?" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ላይብረሪውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሱቁ ገጽ ላይ አስገብቶ ሰው ያታለለበት ግን እሱ ነው፤ ይህንንም ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የጨመርኩትም የደበቅሁትም እንደሌለ አረጋግጬ፣ ወንድሜ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ እየጠበቀኝ ሳለ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________